ሕንዳዊት የሥራ ባልደረባዬን ለሁለት ቀን ወደ ሐረር ልወስዳቸው ነው፤ ምን ባሳያቸው ይሻላል?

የከዚራው መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነኝ። ዘንድሮ ከሕንድ የመጡ አንዲት አንጋፋ መምህርት በእኛው የትምህርት ክፍል ተቀጥረው አብረን እናስተምራለን። በአገራቸው ከ30 ዓመት በላይ ያስተማሩ፣ የተማሪ ደብተር ሲያርሙ ቀይ እስክሪብቶ መጠቀም የማይወዱ፣ አዲስ ቃል በሰሙ ቁጥር ከቦርሳቸው ትንሽ ማስታወሻ አውጥተው የሚጽፉ ሴት ናቸው። ይሁን እንጂ ከመስከረም ጀምሮ የሚያውቁት ከቤታቸው ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ «ሁላችሁም ሐረር ሐረር ትላላችሁ፤ እኔ ግን እዚሁ አጠገቧ ተቀምጬ ሳላያት ዓመቱ ሊያልቅ ነው» ቢሉኝ እውነት ለመናገር አፈርኩ። ስለዚህ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እንዳበቃ ባለው ቅዳሜና እሑድ ይዣቸው ለመሄድ ቃል ገብቻለሁ።

ምክር የምጠይቀው አንድ ያልተሳካ ጉዞ ስላለብኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ የውጭ አገር መምህር ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ ብዬ ወስጄ ነበር። ያገኘነው አስጎብኚ ከበር በር እያሮጠን «ይህ ይህ ነው፣ ያ ያ ነው» ብሎ ጨረሰ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የተኮናተርነው ሾፌር ስልክ እየደወለ እንድንወጣ አጣደፈን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለተመለስን ጅብ ሲመገብ ማየት አልቻልንም። ደንገጎን ስንወርድ እንግዳዬ፣ «ዛሬ ብዙ በር አየሁ፤ አንድም ቤት ግን አልገባሁም» አለኝ። ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም፤ አሁን የምወስዳቸውን እናት እንደዚያ አድርጌ መመለስ አልፈልግም።

የጸናሁበት ነገር ቢኖር አንድ ሌሊት ማደራችን ነው። ማረፊያችን በግንብ በተከበበችው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ይሁን ወይስ ከግንቡ ውጭ ባለ ሆቴል? እሑድን ወደ ባቢሌ ብንሄድበት ይሻላል ወይስ ሐረር ላይ ብንቆይ? መምህርቷ ሥጋ አይበሉም፤ ጉልበታቸውም ረጅም ዳገት አይወድም። የአካባቢውን ሁኔታ የምታውቁ ብታማክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።


የጁገል ልጅ፦

መምህር፣ ከእንግዳዎ የሰሟት ቃል እኔንም ነካችኝ፤ ምክንያቱም ጁገል ተወልዶ ላደገ ሰው ከተማዋን በበሮቿ ብቻ አይቶ እንደመመለስ ያለ የሚያሳዝን ነገር የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክርዎ በጁገል ውስጥ እንዲያድሩ ነው። የቀደሙ ሐረሪ ቤቶችን ሳይለውጡ ለእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ አስቀድመው ደውለው ይያዙ። ከውጭ የሚያዩት ነጭ ግድግዳና ጠባብ በር ነው። ጫማዎን አውልቀው ሲገቡ ግን ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ በቀይ አፈር ቀለም የተቀቡ ነደባ የሚባሉ መቀመጫዎች፣ ግድግዳውን የሸፈኑ ስፌቶችና ሳህኖች፣ በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉ መደርደሪያዎች ይቀበሉዎታል። ቀዩ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ብለው ሽማግሌዎቻችን ይነግሩን ነበር። በጎን በኩል ያለችውን ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል ማየት አይርሱ፤ አዲስ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ናት።

እንግዳዎ ሕንዳዊት መሆናቸውን ሳነብ ግን ሌላ ነገር ወደ ልቤ መጣ። ግብፆች እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ድረስ ሐረርን ይዘው ከቆዩና ከተማዋም በ1887 በአፄ ምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ጁገል ውስጥ ሰፍረው ነበር። እነሱ ያሠሯቸው ቤቶች ከሐረሪ ቤት ፈጽሞ የተለዩ ናቸው፤ ባለ ሁለት ፎቅ ሆነው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያሳይ የእንጨት በረንዳ አላቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህን ቤቶች «የሕንድ ቤት» ብሎ ለይቶ ጠቅሷቸዋል። አብዛኛው ጎብኚ ቀና ብሎ ሳያያቸው ያልፋል። እርስዎ ግን መምህርቷን ቀስ ብለው ያስኪዷቸውና የበረንዳውን ፍልፍል እንጨት ያሳዩአቸው፤ የአገራቸው እጅ ያረፈበትን ሥራ ከሩቅ አገር መጥተው ማየታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

«የራምቦ ቤት» የሚባለው ትልቁ የእንጨት ቤትም የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍ ካቆመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1880 የቡና ንግድ ድርጅት ወኪል ሆኖ ሐረር የመጣ፣ በ1891 ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ያረፈ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው። አስጎብኚ «እዚህ ቤት ኖሯል» ቢላችሁ አትመኑት፤ ቤቱ ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው። ይህ ግን ዋጋውን አይቀንሰውም። ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ፣ መስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት የሆነ ድንቅ ቤት ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ሲመለከቱ የጁገል ጣሪያዎች ከእግርዎ ሥር ተዘርግተው ይታያሉ። ራምቦ ራሱ ሐረር ላይ ፎቶግራፍ ያነሳ እንደነበረም ይንገሯቸው።

ስለ በሮቹ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባስገነባው ግንብ ላይ የነበሩት በሮች አምስት ናቸው፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እንላቸዋለን። እኛ ሐረሪዎች ግን በገዛ ቋንቋችን ቡዳ በርን በድሮ በሪ፣ ፈላና በርን አሱም በሪ ነው የምንለው። «በር» እና «በሪ» ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የቋንቋ መምህርት ሳይነገራቸው ያስተውሉታል። የከተማዋ ስም ራሱ በእኛ ዘንድ «ገይ» ነው፤ ቋንቋችንም «ገይ ሲናን» ይባላል፤ የከተማ ቋንቋ ማለት ነው።


ደንገጎ ላይ የሚመላለስ፦

እኔ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከድሬ ሐረር ስለምመላለስ ስለ መንገዱ ብቻ ልናገር። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የመጀመሪያው ክፍል ዳገት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደንገጎ ጫፍ ሲደርሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል። ኩርባው ብዙ ስለሆነ እናት መኪና የሚያማቸው ከሆነ ከሾፌሩ ጎን ያስቀምጧቸው፤ ቁርስም ቀለል ያለ ይሁን። ከድሬ ሙቀት ተነስቶ ሹራብ የሚይዝ ሰው ስለሌለ ሐረር ላይ ማታ ብዙ እንግዳ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናትና ነጠላም ሹራብም ይያዙ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትነሱ መንገድ ላይ ለመቆም ጊዜ ይኖራችኋል። ደንገጎ ላይ መኪናውን አስቁመው ወደ ኋላ ይመልከቱ፤ የወጡበት ቆላ በሙሉ ከታች ይታያል። የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱን ወደ ሐረር ማውጣት ትቶ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ የቆረቆረው ስለዚህ ገደል ነው፤ ያን ጊዜ ድሬዳዋን «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር። ይህን እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ መስማት ክፍል ውስጥ ከመስማት ይለያል።

ከዚያ በኋላ አዴሌን፣ ሐረማያንና አወዳይን ያልፋሉ። የሐረማያ ሐይቅ ሐረር ከተማ ሳትቀር የምትጠጣው ውኃ ነበር፤ ለመስኖና ለመጠጥ ሲሳብ፣ ደለልም ሲሞላው ቆይቶ ፈጽሞ ደርቆ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ ስናይ እኛ ሾፌሮች እንኳ መኪና እያቆምን ተደስተናል። እባክዎ ሳያሳዩአቸው አይለፉ። አወዳይ የጫት ገበያ ስለሆነች መንገዱ ይጨናነቃል፤ በእርጋታ እለፉ።


የለውዝ አገር፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባቢሌን መዝለል ያሳዝናል። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ባቢሌን ካለፉ በኋላ የዳካታ ሸለቆ አለ፤ ትልልቅ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ፣ ነፋስ የሚጥላቸው መስለው ቆመው ይታያሉ። የባቢሌ ለውዝም እዚያው ከሚቆሉት እጅ ሲገዙት ሌላ ነው። ዝሆኖችን የሚጠብቀው መጠለያም በዚያው አካባቢ ነው። እሑድ ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት በኋላ ወደ ድሬ መመለስ የማትችሉበት ምክንያት አይታየኝም።


የጁገል ልጅ፦

ወንድሜ፣ የዳካታን ድንጋዮች እኔም እወዳቸዋለሁ፤ አላንቋሽሽም። ዝሆኖቹ ግን በኤረር ሸለቆ ሰፊ ቦታ ላይ የሚዘዋወሩ እንጂ መንገድ ዳር ቆመው የሚጠብቁ አይደሉም፤ በግማሽ ቀን ለማየት መውጣት እንግዳን በከንቱ ማድከም ነው። መምህሩ ደግሞ የቀድሞውን ጉዞ ያበላሸው ጥድፊያ መሆኑን ነግረውናል። በሁለት ቀን ሐረርንና ባቢሌን ልይ ያለ ሰው ሁለቱንም በመኪና መስኮት አይቶ ይመለሳል። ባቢሌ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ሲሄዱም በዚያ ሰሞን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀው ይሂዱ።


መምህርት ከሐረር፦

ውድ የሥራ ባልደረባዬ፣ እኔም እንግዶችን ብዙ ጊዜ ስለማስተናግድ በሴት ዓይን የማየውን ልጨምር። በጁገል ውስጥ ልብሳቸው ረዘም ያለ፣ ሻሽም በቦርሳቸው የተያዘ ቢሆን ይመረጣል፤ የአሚር ኑርን አረንጓዴ ጉልላት ያለውን መካነ መቃብር ወይም የወሊዩን የአው አባድርን ዝያራ (የመቃብር ስፍራ) ለማየት ሲፈልጉ አስቀድሞ ጠባቂውን ማስፈቀድና ጫማ ማውለቅ ያስፈልጋል። ሴቶችን ገበያ ላይ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሳት ቅሬታ ያመጣል፤ አንድ ሎሚ ወይም አንድ እፍኝ ቃሪያ ገዝቶ ጥቂት መጫወት ግን ከማንኛውም ካሜራ የበለጠ ያቀራርባል። ልጆች «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» እያሉ ይከተሏቸው ይሆናል፤ ክፋት የለውም፤ ስማቸውን ጠይቀው የራሳቸውንም ቢነግሯቸው ጩኸቱ ወዲያው ወደ ጨዋታ ይለወጣል።

ስለ ምግብ አይጨነቁ። ጠዋት ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ቀን በያይነቱ ያገኛሉ። ሳምቡሳ ሲገዙ የምስር ይሁን የሥጋ ጠይቀው ይግዙ። ከፈረስ መጋላ እስከ ጊድር መጋላ በሚወስደው መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ግራና ቀኝ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ይሰማል፤ የመንገዱ ስም የመጣውም ከዚያው ነው። እንግዳዎ ጨርቅ ይዘው ከሄዱ ቅዳሜ ተለክተው እሑድ የተሰፋውን ይዘው መመለስ ይችላሉ። ጊድር መጋላ ሲደርሱ ግን የሥጋ ተራ አለ፤ ሥጋ የማይበሉ ሰው ስለሆኑ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ለጅቡ ደግሞ ከመሸ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከፈላና በር ውጭ ይሂዱ። መቅረብ ግዴታ አይደለም፤ ከሩቅ ቆሞ ማየትም ማየት ነው።


የከዚራው መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ተመልሰናል፤ ምክራችሁን ስለተከተልኩ የሆነውን መንገር ዕዳዬ ነው።

ባቢሌን ትተን ሁለቱንም ቀን ሐረር አሳለፍን፤ ማረፊያችንም ጁገል ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «የሕንድ ቤት» ወደተባሉት አንዱ ስንደርስ መምህርቷ ከበረንዳው ሥር ቆመው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያም ከእንጨቱ ጥልፍ አንዱን በጣታቸው አየር ላይ እየሣሉ፣ የአያታቸው ቤት መስኮት ልክ እንዲህ ያለ አበባ እንደነበረው፣ ቤቱ ከፈረሰም ብዙ ዘመን እንደሆነው ነገሩኝ። ከቤቱ ባለቤቶች አንዲቷ እናት ከላይ አይተውን ኖሮ «ግቡ እንጂ» ብለው ጠሩን። ያለ ቀጠሮ ገባን፤ ቡናም ጠጣን።

በሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ ሐረር በራሷ ስም ያሳተመቻቸውን ሳንቲሞችና የመጽሐፍ ጥረዛ ሥራዎችን አየን። ሠራተኛው «ኪታብ» ሲል መምህርቷ ቀና ብለው፣ በአገራቸውም መጽሐፍ ኪታብ እንደሚባል ነገሩት። ፈረስ መጋላ አጠገብ ሐላዋ ስንገዛ ይኸው ሆነ፤ ቀምሰው «ሐልዋ!» ብለው ሻጩን ቢያዩት እሱም እየሳቀ ደግሞ ቆረሰላቸው። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 ለውጭ ሰው በተዘጋችበት ዘመን ሐረር ገብቶ አሥር ቀን መቆየቱንና ከዚያ በፊት ሕንድ ውስጥ በውትድርና አገልግሎ የአገሩን ቋንቋዎች መማሩን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ከእኔ በፊት ከዚያ የመጣ ሰው አልጠፋም» አሉ።

ማታ ከፈላና በር ውጭ ቆምን። ጅቦቹ ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ፤ መጋቢውም በስማቸው ይጠራቸው ነበር። መምህርቷ መጀመሪያ ክንዴን አጥብቀው ይዘው ነበር፤ ቆይተው ለቀቁኝና ሁለት እርምጃ ቀረቡ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሄዱም። ስንመለስ በግንቡ ሥር ካሉት «ወራባ ኑዱል» ከሚባሉት የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አንዱን አሳየኋቸው። ከተማን ከጠላት የሚጠብቅ ግንብ ለጅብ መግቢያ የተተወለት መሆኑ እጅግ ገርሟቸው እስከ ቤት ድረስ ስለዚሁ ሲጠይቁኝ መጡ።

እሑድ ጠዋት ያየሁትን ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ያደርንበት ቤት እመቤት ቁርስ ሲያቀርቡ እንግዳዬን እጃቸውን ይዘው ሰፊው መቀመጫ ላይ አስቀመጧቸውና «ይህ ጊድር ነደባ ነው» አሏቸው። መምህርቷ ማስታወሻቸውን አወጡ። ጥቂት ገልጠው ትናንት የጻፉትን «ጊድር መጋላ» አገኙና ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ጽፈው ከ«ጊድር» ሥር አሰመሩ። ከዚያም ማንም ሳይነግራቸው ወደ እመቤቲቱ ዞረው ሁለት እጃቸውን ሰፋ አድርገው ዘረጉና «ጊድር?» ብለው ጠየቁ። እመቤቲቱ እጃቸውን አጨብጭበው ሳቁ፤ ልጃቸውንም ከጓዳ ጠርተው «ነይ ስሚ፣ ገይ ሲናን ለመዱ» አሏት። ከዚያ በኋላ ቁርሱ ሁሉ ትምህርት ሆነ፤ ከቤቱ የወጣነው 5 ሰዓት ላይ ነው።

አሁን መምህርቷ ለሸዋል ኢድ እንመለስ እያሉ ነው። በዓሉ ከረመዳን ፍጻሜ አንድ ሳምንት በኋላ እንደሚውልና እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መመዝገቡን ነግሬያቸዋለሁ። በዚያ ሰሞን ጁገል ውስጥ ማረፊያ ለማግኘት ከመቼ ጀምሮ መያዝ ይኖርብኛል?


የጁገል ልጅ፦

መምህር፣ እንኳን ደህና ገባችሁ። በሸዋል ኢድ ከውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ሁሉ ስለሚመለሱ የእንግዳ ቤቶቹ ቀድመው ይሞላሉ፤ ረመዳን ሳይገባ ቢይዙ ይሻላል። አሁን ያደራችሁበትን ቤት አስቀድመው ይጠይቁ፤ እመቤቲቱ ለእሳቸው ቦታ አያጡም።